«ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ»፦ የአንዲት አባባል ታሪክ



ባሕር ዳር ውስጥ ግንባታ ላይ የሠራ ወጣት ሁሉ የሚያውቃት አንዲት አባባል አለች፦ «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ»። ልስን የለሰነው፣ ሴራሚክ ያነጠፈው፣ ፌሮ ያሰረው፣ ቀለም የቀባው ልጅ ሥራውን አስረክቦ ሒሳቡን ሲጠይቅ ከዋናው ተቋራጭ የሚሰማት መልስ ናት። ተቋራጩም ሁልጊዜ እየዋሸ አይደለም። እሱም ከአሠሪው ገንዘቡን አልተቀበለም። አሠሪው ደግሞ አማካሪው የክፍያ ሰርተፊኬቱን እስኪፈርም፣ ወይም በጀት እስኪለቀቅ እየጠበቀ ነው። ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ ከታች ያለውን ልጅ ግን የቤት ኪራዩ ወሩን ቆጥሮ ይመጣበታል።

ከሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ለሽምግልና ከሚቀርቡልን ጉዳዮች ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ወገን ሐቅ እንዳለው አምኖ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የዚህችን አባባል ታሪክ እንመልከት። ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም፤ የሰው ላብ ዋጋም ታሪክ አለው።

ከጣና ዳርቻ እንነሳ። ነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ሥራው አጭር መንገድ ነበረው። ደንገሉን ያጨደው፣ ያደረቀው፣ ያሰረው አንድ ቤተሰብ ነው። ገዢው ይመጣል፣ ይስማማል፣ ይከፍላል፣ ታንኳውን ይወስዳል። ካልከፈለ ታንኳው እዚያው ዳርቻው ላይ ይቆያል። በመካከል ማንም የለም። የገበያው ልብስ ሰፊም እንዲሁ ነው፤ ጀለቢያህን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ ሒሳቡን ሳትከፍል ይዘህ አትወጣም፣ ማንም ደግሞ በዚህ አይቀየመውም።

የሐነፊ ፉቀሃዎች ይህን ጉዳይ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በኪታቦቻቸው በዝርዝር አስፍረውታል። ሥራው በዕቃው ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣ ባለሙያ፣ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ቀለም ነካሪ ያለው፣ ዋጋው እስኪከፈለው ድረስ ዕቃውን መያዝ ይችላል። ተሸካሚና ባለ ጀልባ ግን አይችሉም፤ ሥራቸው በዕቃው ላይ ትቶት የሄደ ነገር የለምና። የዑስማንያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት ይህን ፊቅህ «መጀላ» በተባለው የ1,851 አንቀጾች ሕግ ውስጥ ሲያጠናቅር ይህንኑ ልዩነት ይዞት ሄዷል።

እስቲ አሁን ልስን ለሳኙን አስቡት። ሥራው እንደ ሰፊው በግድግዳው ላይ ይታያል። ግድግዳው ግን በእጁ አይደለም። ልስኑን ቀርፎ ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድ! እንደ ሰፊው ሠርቶ እንደ ተሸካሚው ባዶ እጁን ይቀራል። የግንባታ ሠራተኛ ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው እጁን በለቀቀበት ቅጽበት መያዣው አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር የሰንሰለቱ መርዘም ነው። በድሮው ዘመን ትልልቅ ግንባታ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። በጢስ ዓባይ አጠገብ የሚገኘው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲሠራ አሠሪው ንጉሡ ነበሩ። እንዲህ ላለው ሥራ ባለሙያው በአብዛኛው በመሬት ወይም በእህል ይካሳል፣ ጉልበት ሠራተኛው ብዙ ጊዜ በግዴታ ይወጣል። ፍትሕ ነበር አንልም። ግን የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በግንባታ ቦታ የምንጠቀምባቸውን ቃላት ደግሞ ልብ በሉ፦ «ካቦ» የጣልያንኛ ቃል ነው፣ ራስ ወይም አለቃ ማለት። «ፌሮ»ም የጣልያንኛ ነው፣ ብረት። ብረቱም በብረቱና በባለ ገንዘቡ መካከል የቆመው ሰውዬም ከነስማቸው ወደ ቋንቋችን ገብተዋል።

ባሕር ዳር ራሷ ከተማ የሆነችው በግንባታ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ገደማ ከጣልያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ ቆመ። ሶቪየት ኅብረት ያሠራችው ፖሊ ቴክኒክ ተከተለ፣ ቀጥሎም የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ። ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የከተማዋን ማስተር ፕላን የነደፈው በዚያው ዘመን ነው፤ ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። በደርግ ዘመን ትልልቁ ግንባታ በመንግሥት ድርጅቶች እጅ ሲገባ ሰንሰለቱ አጠረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ተቋራጮች ሲበዙ እንደገና ረዘመ። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ ኮብልስቶን መጣ፤ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት አምራች፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ መንገድ አንጣፊ ሆኑ። ብዙ ልጆች ቀን ሠራተኛ ከመሆን ወጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ «ሥራ ተቀባይ» የሆኑት ያኔ ነው። ክብር ነበረው። ሥራ ተቀባይ መሆን ግን ዕዳ ጠባቂ መሆንም እንደሆነ ብዙዎቹ የተረዱት ቆይተው ነው።

ትልልቆቹም ንዑስ ተቋራጭ አላቸው። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ዋና ተቋራጩ የጣልያኑ ሳሊኒ ሲሆን፣ የጣናን ውኃ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን ዋሻ በማሽን የቆፈረው ሌላ የጣልያን ኩባንያ፣ ሴሊ ነው። እንዲህ ያለው ንዑስ ተቋራጭ ግን ጠበቃ አለው፣ ባንክ አለው፣ በብዙ ገጽ የተጻፈ ውል አለው። አባይ ማዶ ወይም ሽምብጥ ላይ አራት ጓደኞቹን ይዞ የአንድ ፎቅ ሴራሚክ የተረከበው ልጅ ያለው የስልክ ቃልና አንዲት ማስታወሻ ደብተር ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። ፈረንሳዊው ምሁር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው የሚለው መርሕ የሰፈረው በአንቀጽ 1952 ነው (የሕጉ ዓመትና የአንቀጹ ቁጥር መግጠማቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው)። ትርጉሙ ለኛ ልጅ ከባድ ነው። አንተ የተዋዋልከው ከተቋራጩ ጋር እንጂ ከሕንፃው ባለቤት ጋር አይደለም። የመንግሥት ሥራ ሲሆን ደግሞ ሥራውን ለሌላ ለማስተላለፍ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተቋራጩ ሳያስፈቅድ ያስገባህ ከሆነ አሠሪው ዘንድ ስምህ የለም። ክፍያ ለዘገየበት ሰው ሕጉ የሚሰጠው ካሳ በአንቀጽ 1751 እና 1803 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ወለድ ነው። «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ሐረግ በስሙ ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ ግን አላስቀመጠም።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ አባባል በስሟ ይዘው ተዋግተዋታል። ፈረንሳይ ከሁሉም ቀድማ ታኅሣሥ 31 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ አሠሪው ያወቀውና የተቀበለው ንዑስ ተቋራጭ ገንዘቡን ከተቋራጩ ሳይሆን በቀጥታ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት እንዲቀበል አደረገች። አሜሪካ በ1982 ያወጣችውን የፈጣን ክፍያ ሕግ በ1988 ስታሻሽል፣ ከፌዴራል መንግሥት የተከፈለው ተቋራጭ በ7 ቀን ውስጥ ለንዑስ ተቋራጮቹ እንዲከፍል አዘዘች። ይህኛው «ሲከፈለኝ» የሚለውን አልሻረም፤ ከተከፈለህ በኋላ ግን ሰበብ የለህም አለ። ብሪታንያ ከሁለቱም ሄደች። በ1994 የቀረበው የላተም ሪፖርት የግንባታውን ዘርፍ ገበና ካወጣ በኋላ፣ የ1996 ሕጓ «ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» የሚል የውል ቃል ዋጋ እንዳይኖረው አደረገ፤ ከላይ ያለው ከፋይ ከከሰረ ብቻ ነው የሚያሠራው።

ሕግ መኖሩ ግን ሁሉን አይፈታም። የብሪታንያው ግዙፍ ተቋራጭ ካሪሊዮን ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ ወደ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ዕዳ ነበረበት። በሺዎች የሚቆጠሩ አቅራቢዎችና ንዑስ ተቋራጮች ገንዘባቸው እዚያው ቀረ። ኩባንያው 120 ቀን የሚደርስ የክፍያ ጊዜ እያስፈረማቸው ነበር። ቀኑ በውል ተጽፏል፣ ግን አራት ወር ነው! በአራት ወር ውስጥ ትልቁ ሰውዬ በትንንሾቹ ገንዘብ እየነገደ ነበር ማለት ነው።

ሸሪዓችን ምን ይላል? ብዙዎቻችን የምናውቀው ኢብኑ ማጀህ የዘገቡትን፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን እንድንሰጥ ያዘዙበትን ሐዲስ ነው። ከዚያም የሚከብደው ቡኻሪ ያሰፈሩት ሐዲሰል ቁድሲ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) በቂያማ ቀን ራሱ ባላጋራ ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ካሠራ በኋላ ዋጋውን ያልሰጠ ሰው ነው።

ሆኖም ፍትሐዊ እንሁን። ተቋራጩ «እኔ በዱቤ ነው የተስማማሁት» ሊል ይችላል። በዱቤ መስማማት ይቻላል። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ2003 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ ስለ ሙቃወላ፣ ማለትም ስለ ተቋራጭነት ውል ባሳለፈው ውሳኔ (ቁጥር 129) ዋጋው በኋላ እንዲከፈል ወይም በየደረጃው እንዲከፈል መስማማት ይፈቀዳል ብሏል። ተቋራጩም አሠሪው «አንተው ራስህ ሥራው» ብሎ ካልገደበው በቀር ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል፤ በአሠሪው ፊት የሚጠየቀው ግን እሱው ነው። ነገር ግን ዱቤ ቀን ይፈልጋል። ስለ ዕዳ የምታዝዘው የሱረቱል በቀራ ትልቋ አንቀጽ፣ 282ኛዋ፣ የምትናገረው እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ ስለሚደረግ ብድር ነው። «ሲከፈለኝ» ደግሞ የተወሰነ ጊዜ አይደለም። ሐምሌም ሊሆን ይችላል፣ የሚመጣው ዓመት ሐምሌም፣ ወይም በጭራሽ። የአባባሏ ትልቁ ነውር ይሄ ነው ብለን እናምናለን፤ ቀን የላትም። የአሜሪካው 7 ቀን የሚያደርገውም ቀን ለሌላት ነገር ቀን መስጠት ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ያለው እያለው የሚያዘገይና ያጣ ሰው አንድ አይደሉም። በ280ኛዋ የበቀራ አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሡት ታዟል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ሥራቸው ቆሞ፣ ማሽናቸው ሜዳ ላይ ቀርቶ የተቸገሩ ተቋራጮች አሉ፤ እነሱን ከበዳይ ጋር መደመር ዙልም ነው። አዲስ መኪና ገዝቶ «አልተከፈለኝም» የሚለው ግን ሌላ ነው።

መዘግየቱን በምን እናስቆመው? የአገሩ ሕግ 9 በመቶ ወለድ ሰጠ። ይህ ለሙስሊሙ ወጣት መድኃኒት አይሆንም፣ በዕዳ ላይ የሚጨመር ጭማሪ ነውና። የፊቅህ አካዳሚው በ2000 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ (ውሳኔ ቁጥር 109) የቅጣት ገደብ በውል ውስጥ ማስገባትን ፈቅዷል፤ የተዋዋሉበት ግዴታ ዕዳ ሲሆን ግን አልፈቀደም። ስለዚህ ሴራሚኩን ያዘገየው ልጅ በቀን ይህን ያህል ይቀጣ ማለት ይቻላል፤ ገንዘቡን ያዘገየው ተቋራጭ ለልጁ በቀን ይህን ያህል ይጨምር ማለት አይቻልም። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት ለትንሹ ሰው ያልወገነ ይመስላል። አንዳንድ ወጣቶችም በግልጽ ይጠይቁናል።

የብሩ ጉዳይ ደግሞ ያብሰዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በሰኔ ሊከፈለው የሚገባ ገንዘብ በጥቅምት የደረሰው ልጅ ቁጥሩ ሳይጎድል ዋጋው ጎደለበት። ታላቁ የሐነፊ ዓሊም አቡ ዩሱፍ (ረሒመሁላህ) በዘመናቸው ስለ ፉሉስ፣ ስለ መዳብ ሳንቲም፣ ዋጋው ሲለወጥ ዕዳው በዋጋው ይታሰብ የሚል አቋም ነበራቸው። አካዳሚው ግን በ1988 ኩዌት ላይ (ውሳኔ ቁጥር 42) ዕዳ በተመሳሳዩ፣ ማለትም በቁጥሩ እንጂ በዋጋው አይመለስም አለ። ከፋዩ በራሱ ፈቃድ፣ ያለ ቅድመ ስምምነት ጨምሮ ቢሰጥ ይወደሳል፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መልሰዋል። በዋሻ ውስጥ ስለተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች የሚናገረውን ሐዲስ አስታውሱ። አንደኛው ሠራተኛው ጥሎት የሄደውን ዋጋ አርብቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ከነመንጋው ነው ያስረከበው። ግን ይህ ቸርነት ነው፣ ፍርድ ቤት ሄደው የሚጠይቁት አይደለም።

ታዲያ ፊቅህ ምን ሰጠ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ የሚያውቀው ሐዲስ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሁሉም ያውቀዋል፤ ያለው ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ በደል ነው የሚለውን። ሁለተኛውን ክፍል ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ገንዘብህን ከሌላ አቅም ካለው ሰው እንድትቀበል ከተመራህ ተቀበል ይላል። ይህ ሐዋላ ነው። ቡኻሪ ሐዲሱን በኪታባቸው ያስቀመጡትም በሐዋላ ክፍል ውስጥ ነው። (ዛሬ ሐዋላ ሲባል ገንዘብ መላክ ብቻ ይመስለናል፤ በፊቅህ ግን ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።)

በግንባታ ቦታ ተርጉሙት። አሠሪው ለተቋራጩ ዕዳ አለበት። ተቋራጩ ለልስን ለሳኙ ዕዳ አለበት። ተቋራጩ ከአሠሪው ከሚገባው ላይ የለሳኙን ድርሻ ነጥሎ «ይህን ለእሱ ክፈለው» ካለ ሰንሰለቱ ተቆረጠ። ፈረንሳይ በ1975 የደረሰችበት ቀጥታ ክፍያ በአሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ወለድ የለበትም፣ ቅጣት የለበትም፣ ትንሹን ሰው ግን ገንዘቡ ካለበት በር ያደርሰዋል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 1962 ጀምሮ ባለገንዘብ መብቱን ለሌላ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል፤ ውሉ ራሱ እንዳይተላለፍ ካልከለከለ በቀር። በትልልቅ የመንገድ ሥራዎች የሚሠራበት የፊዲክ ውል በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ አሠሪው ራሱ የመረጠው ንዑስ ተቋራጭ ካልተከፈለው አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍለው በር ከፍቷል። ለሌላው ግን አልከፈተም።

ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ ሐዋላ ከተፈጸመ የመጀመሪያው ባለዕዳ ነፃ ይወጣል። አሠሪው ቢከስር ወደ ተቋራጩ መመለስ ትችላለህ ወይ? ሐነፊዎች የተመራህበት ሰው ከስሮ ከሞተ ወይም ዕዳውን ከካደና ማስረጃ ከሌለህ ትመለሳለህ ይላሉ፤ ሻፊዒዮች አይመለስም ይላሉ። ስለዚህ ተቋራጩ «ከባለቤቱ ተቀበል» ሲልህ፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ዕዳውን ማመኑን፣ ገንዘቡ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ሦስታችሁም በፈረማችሁበት ወረቀት ሳይጻፍ «እሺ» እንዳትል። ይህም ሥራ ሳይጀመር እንጂ ልስኑ ከደረቀ በኋላ አይደለም። ከደረቀ በኋላ ተቋራጩ ለመፈረም የሚያስገድደው ነገር የለም።

ሽምግልና ላይ ስንቀመጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመን የመጨረሻው ጉዳይ የጊዜ ገደብ ነው። ሥራ ተቀብሎ የሠራ ንዑስ ተቋራጭ የውል ገንዘቡን ለመጠየቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት አለው። ባለዕዳው መዘግየቱ እንዲቆጠርበት ግን በቅድሚያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይበጃል። በእሱ ሥር በደመወዝ የተቀጠረው ሠራተኛ ግን የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ደመወዝ የመጠየቅ መብቱ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አለቃው «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» እያለ ስድስት ወር ካሻገረው፣ አለቃው ራሱ ገና ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር የመጠየቂያ ጊዜ እያለው የቀን ሠራተኛው መብት ያልፍበታል። አለቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኛው ጋር በአንድ ሶፍ የሚሰግድ ልጅ ነው።

ወላሁ አዕለም።